እንግሊዝኛ ያውቃሉ? የትኛውን?

ክቡር አንባቢ፤ «እንግሊዝኛ ያውቃሉን?» ብዬ ብጠይቅዎ፤ «በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ለመግባቢያ ያህል አያንሰኝም» እንደሚሉኝ አልጠራጠርም። ጥያቄዬ ግን ገና አላለቀም። የትኛውን እንግሊዝኛ? የለንደኑን ነው ወይስ የዋሽንግተኑን? የጆሐንስበርጉን ነው ወይስ የሜልቦርኑን? ወይስ ደግሞ የሌጎሱን? «እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ነው፤ ምን ሌላ አለ!» ብለው ገጹን ከመግለጥዎ በፊት በተማሪነቴ ዘመን የደረሰብኝን ላጫውትዎ።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ከሕንድ አገር፤ ከኬራላ የመጡ ትሑት መምህር ነበሩ። እርሳቸው የተማሩት እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ በተከሉት ትምህርት ቤት ስለ ነበረ አነጋገራቸው ሁሉ የለንደንን ሥርዓት የተከተለ ነበር። ላጲስን «ረበር» ብለን እንድንጠራ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው፤ እኛም ቃሉን እንደ ዳዊት እየደጋገምን አጠናነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በ1962 ወደ አገራችን መምጣት ጀመሩና (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ይወቅልኝ) ለእኛም ክፍል ከእነርሱ አንዱ ደረሰን። በመጀመሪያው የፈተና ቀን አንድ መልስ ተሳሳትሁና እጄን አውጥቼ ብድግ አልሁ፤ ተማሪው ሁሉ እየሰማም ረበር እንዲሰጠኝ መምህሩን ለመንሁት። የወጣቱ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። ያልሰማኝ መስሎኝ ይበልጥ ጮኽ ብዬ ደገምሁለት። ነገሩ እንዳልሆነ ሳውቅ ወረቀቱን በጣቴ ፈትጌ አሳየሁት። ያን ጊዜ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀና ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ላጲስ አውጥቶ፤ «ይህ በእኛ አገር ኢሬዘር ይባላል፤ ያንን ቃል ግን ኒው ዮርክ የሄድህ እንደ ሆነ እንዳትደግመው» አለኝ። «ረበር» በአሜሪካኖች አፍ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመጽሔታችን ጨዋነት ስል አልዘረዝረውም፤ ወንዶች ወደ መድኃኒት ቤት ገብተው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠይቁት ዕቃ ነው ብዬ ልለፈው።

በሌሎች ላይ ከመሳቃችን በፊት ግን ወደ ራሳችንም እንመልከት። «ላጲስ» የምንለውን ቃል የወሰድነው ከኢጣልያኖች ነው፤ በኢጣልያንኛ ግን «ላፒስ» ማለት እርሳስ ነው። የሚጽፈው ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚያጠፋው ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በልቤ ይዤ እኖራለሁ። ሰው በባዕድ አገር የማያውቀው ቃል ብዙ አያስቸግረውም፤ የማያውቁትን ይጠይቁታል፤ መዝገበ ቃላትም ይገልጡለታል። የሚያስቸግረው የሚያውቁት የሚመስልዎ ቃል ነው። የሚያውቀውን ነገር የሚጠይቅ ማን አለ?

እንዴት ተለያዩ?

እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸንተው የሰፈሩት በ1607 ነው። በዚያ ዘመን አትላንቲክን በመርከብ ለመሻገር ብዙ ሳምንት ይፈጅ ስለ ነበረ የሄደው ሰው ቋንቋውን እንደ ስንቅ ይዞ ሄደ፤ በየዓመቱ እየተመለሰ የሚያድስበት መንገድ ግን አልነበረውም። ከዚህ የተነሣ በአባት አገር የተረሳ ቃል በልጆች አገር በሕይወት የቆየበት ጊዜ አለ። ቅጠል የሚረግፍበትን ወራት እንግሊዞች «ኦተም» ሲሉት አሜሪካኖች «ፎል» ይሉታል፤ ፍችውም መውደቅ ማለት ነው። ብዙ እንግሊዛዊ ይህን ቃል የአሜሪካኖች ፈጠራ አድርጎ ይንቀዋል፤ የገዛ አያቶቹ ይናገሩበት እንደ ነበረ ቢነግሩት አያምንም።

አሜሪካኖች በ1776 ነፃነታቸውን ካወጁ በኋላ ደግሞ በቋንቋም ራሳቸውን ለመቻል ፈለጉ። ኖዋ ዌብስተር የተባለው ሊቅ በ1828 ሰባ ሺሕ ያህል ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ እግረ መንገዱንም የማይነበቡ መስለው የታዩትን ፊደሎች ከየቃሉ እያወጣ ጣለ። ዛሬ አንድ ተማሪ «ከለር» የሚለውን ቃል ሲጽፍ አንዲት ፊደል ጐደለችህ ተብሎ ማርክ ቢቀነስበት፤ ምናልባት ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የዌብስተር ነው።

ይሁን እንጂ ቃላቱን ይበልጥ የለያየው መዝገበ ቃላት አይደለም፤ አዲስ ዕቃ ነው። የባቡር ሐዲድና አውቶሞቢል ሁለቱ አገሮች ከተለያዩ በኋላ የተፈለሰፉ ስለ ሆኑ እያንዳንዱ በየቤቱ ስም አወጣላቸው። የመኪናን አፍንጫ የሚከድነውን ብረት እንግሊዞች አይተው የሴት ቆብ መሰላቸውና «ቦኔት» አሉት፤ አሜሪካኖች ደግሞ የካባ ቆብ መሰላቸውና «ሁድ» አሉት። ከኋላ ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ እንግሊዞች «ቡት» ሲሉት አሜሪካኖች «ትራንክ» ይሉታል፤ ከባድ ሣጥን ማለት ነው። የእኛ ሾፌሮች በዚህ ክርክር ውስጥ አልገቡም። ኮፈን፤ ፍሬን፤ ማርሽ፤ ጎማና ቤንዚን ብለው ቃሉን ሁሉ ከኢጣልያንኛ ስለ ወሰዱት ለንደንም ኒው ዮርክም አልነካቸውም። ነገር ግን አንድ ኢትዮጵያዊ አሜሪካ ደርሶ ዘመዱ «ጋዝ ልቅዳ» ብሎ መኪናውን ሲያቆም የኩራዝ ጋዝ ሊገዛ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ አሜሪካኖች «ጋዝ» የሚሉት ቤንዚኑን ነው። እንግሊዞች ደግሞ ይህንኑ «ፔትሮል» ይሉታል።

ወደ ቤት እንግባ። በለንደን ከመንገዱ ጋር እኩል ያለው ቤት «ግራውንድ ፍሎር» ነው፤ አንድ ደረጃ ወጥተው የሚያገኙት «ፈርስት ፍሎር» ይባላል። በአሜሪካ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ፈርስት ፍሎር» የሚባለው ከመንገዱ እንደ ገቡ የሚያገኙት ነው። እኛ «ምድር ቤት» ብለን ከዚያ ወዲያ «አንደኛ ፎቅ» ስለምንል ቍጥራችን ከለንደን ጋር ይስማማል። እንግዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስትዎ ልጅ «አንደኛ ፎቅ ነው ያለሁት» ብላ በእንግሊዝኛ ከጻፈችልዎ ደረጃ አይውጡ፤ በዚያው በመግቢያው በኩል በር ያንኳኩ። ወደ ላይ የሚያወጣውንም መኪና ለንደን «ሊፍት»፤ አሜሪካ «ኤለቬተር» ይለዋል፤ እኛ ከፈረንሳዮች ወስደን አሳንሰር ብለን ከሁለቱም ተገላግለናል።

በገበታ ላይ

ለንደን ውስጥ «ቺፕስ» ብለው ቢያዝዙ በጣት ልክ የተቈረጠ ትኵስ የተጠበሰ ድንች ይመጣልዎታል። ኒው ዮርክ ውስጥ ያንኑ ቃል ቢናገሩ የሚቀርብልዎ በከረጢት የታሸገ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ድንች ነው። ይህን የሳሳውን እንግሊዞች «ክሪስፕስ» ይሉታል፤ ትኵሱን ደግሞ አሜሪካኖች «ፍሬንች ፍራይስ» ይሉታል። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱንም ችፕስ ብለን እንበላቸዋለን፤ የተጣላ ሰውም አላየሁም። ብስኩትም እንደዚሁ ነው፤ እኛ ከሻይ ጋር የምንበላውን ደረቅ ጣፋጭ እንግሊዞች እንደ እኛ «ቢስኪት» ሲሉት፤ አሜሪካኖች ከሆላንዶች በወሰዱት ቃል «ኩኪ» ይሉታል። ራሱ «ቢስኪት» የሚለው ቃል ግን በአሜሪካ ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ሆኖ፤ በተለይ በደቡቡ ክፍል በቁርስ ጊዜ ወፍራም መረቅ ፈስሶበት ይቀርባል። ከዚህ መረቅ ጋር ተፋጥጦ የተቀመጠውን እንግሊዛዊ ማየት ነው!

«ሻይ ይጠጡ» ተብለው ቢጠሩስ? በሰሜን እንግሊዝ፤ በአውስትራልያና በኒው ዚላንድም «ቲ» ማለት ለብዙ ሰው የማታ ራት ነው። ከጥሪው አስቀድሞ በቤቱ በልቶ የሄደ አበሻ ሥጋና ድንች ሲቀርብለት ምን እንደሚሆን እርስዎ ያውቁታል፤ «አልበላም» ማለት እኛ ዘንድ ነውር፤ መብላቱም ጭንቅ።

ስለ «ኮርን» ግን ትንሽ ቆም ብዬ ላውራ፤ ነገሩ ከሆድም አልፎ ወደ ታሪክ የሚገባ ነውና። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ በጠቅላላው እህል ማለት ነበር። የእያንዳንዱ አገር ሕዝብ ዋና የሚበላውን እህል «ኮርን» አለ፤ እንግሊዞች ስንዴውን፤ ስኮትላንዶች አጃውን፤ አሜሪካኖች ደግሞ አገሩን ሲይዙ ያገኙትን በቆሎ። በቃሉ ልማድ ቢሄድ ኖሮ እኛ ጤፉን «ኮርን» ባልን ነበር! እንግሊዞች በ1846 የሻሩት «የኮርን ሕግ» የተባለው ታላቅ ክርክር ያስነሣ ሕግ ከውጭ በሚገባው ስንዴና በመሳሰለው እህል ላይ የተጣለ ቀረጥ ነበር። ታሪኩን በአሜሪካ ቃል የሚያነብ ተማሪ ግን የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ በቆሎ እሸት ይህን ያህል የተጣላበት ምክንያት ሳይገባው ይቀራል።

አንድ ቃል፤ ሁለት ልብ

እስካሁን ያወራነው ቢበዛ የሚያስቅ ወይም የሚያስርብ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ሁሉም አያስቅም።

የለንደን እናት ልጇን «ፔቭመንቱን ይዘህ ሂድ» ስትለው ከመኪና መንገዱ ዳር ያለውን የእግረኛ መሄጃ ማለቷ ነው። አሜሪካኖች ይህን «ሳይድዎክ» ይሉታል፤ «ፔቭመንት» ብለው የሚጠሩት መኪና የሚሄድበትን የተነጠፈውን መንገድ ነው። ልጁ ቃሉን ጠብቆ ቢሄድ የት እንደሚሆን ያስቡት። ደግሞ «ፐብሊክ ስኩል» የሚለውን ይመልከቱ። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ልጅ ያለ ክፍያ ይማርበታል። በእንግሊዝ አገር ግን ይህ ስም የጥንቶቹና የእጅግ ውዶቹ የግል ትምህርት ቤቶች መጠሪያ ሆኖ ቆይቷል። ገንዘብ የሌለው አባት ስሙን አምኖ ልጁን ለማስመዝገብ ቢሄድ ሒሳቡን ሲያይ ወንበር ይፈልጋል።

«ሆምሊ» ማለት ለእንግሊዛዊ ቤት ቤት የሚል፤ ሰው የሚያሳርፍ ማለት ነው። በሕንድ ጋዜጦች የጋብቻ ማስታወቂያ ላይም ስለ ሙሽራይቱ ሲጻፍ ባለሙያ፤ የቤት እመቤት የምትሆን ለማለት ነው። አሜሪካዊት እመቤት ጋብዘውዎት በዚህ ቃል ቢያመሰግኑዎቸው ግን መልከ ጥፉ ነዎት ብለዋቸዋል፤ ሁለተኛም አይጠሩዎትም።

ከሐኪም ዘንድ ደግሞ፤ በእንግሊዝ አገር «ሐኪሙ ሰርጀሪ ውስጥ ይጠብቅዎታል» ቢባሉ አይደንግጡ። «ሰርጀሪ» ሊቀድዱዎ አይደለም፤ ሐኪሙ በሽተኛ የሚቀበልበት ተራ ክፍል ነው። ወንድምዎ «ቲያትር ገብቷል» ቢሉዎት ግን ይደንግጡ፤ ጨዋታ ሊያይ ሳይሆን ኦፕራሲዮን ክፍል መግባቱ ነው። «ሲክ ነበርሁ» ብለው ቢናገሩም እንግሊዛዊው ሐኪም አስታወክሁ ማለትዎ ይመስለዋል፤ አሜሪካዊው ግን በጠቅላላው ታመምሁ ብለው እንደ ተናገሩ ይቈጥረዋል። ለሁለት በሽታ ሁለት መድኃኒት ይታዘዛል።

በቍጥርም ቢሆን መተማመን አይቻልም ነበር። በእንግሊዝ አገር «ቢሊዮን» ለብዙ ዘመን ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነበር፤ የአሜሪካው ግን ሺሕ ጊዜ ሚሊዮን ብቻ ነው። እንግሊዞች በአሜሪካው ልክ ለመቍጠር መወሰናቸውን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ዊልሰን ለፓርላማው ያስታወቁት በ1974 ነው። ጋሎን ግን እስከ ዛሬ አልታረቀም፤ የእንግሊዙ 4.55 ሊትር ያህል ሲይዝ የአሜሪካው 3.79 ሊትር ገደማ ብቻ ነው።

በጦር ሜዳ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር ወደ እንግሊዝ አገር ለሚሄዱት ወታደሮቹ በ1942 አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከምክሮቹ አንዱ ወታደሩ «ባም መሰልሁ» እንዳይል ነበር። በአሜሪካ «ባም» ሥራ ፈት ጐስቋላ ሰው ነው፤ በእንግሊዝ ግን ሰው የሚቀመጥበት የገላ ክፍል ነው። ወታደሩ ቢሳሳት የሚደርስበት ሳቅ ብቻ ስለ ሆነ ይህስ ይሁን።

ታላላቆቹ ግን ከዚያ በፊት ተሳስተው ነበር። ዊንስተን ቸርችል ስለ ጦርነቱ በጻፉት ታሪክ ውስጥ እንደሚነግሩን፤ የሁለቱ አገሮች የጦር አለቆች ዋሽንግተን ላይ ሲመክሩ እንግሊዞቹ አንድ አስቸኳይ ወረቀት አቅርበው «ቴብል እናድርገው» አሉ። ቃሉ በእንግሊዞች ልማድ አሁኑኑ ከጠረጴዛ ላይ ቀርቦ እንነጋገርበት ማለት ነው። በአሜሪካኖች ልማድ ግን መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይረሳ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ነገሩ ትልቅ ነው፤ ሊረሳ አይገባም ብለው ተቃወሙ። ሁለቱም ወገን የሚፈልገው አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ረዥምና መራራ ክርክር ከተከራከሩ በኋላ ነው የተግባቡት። ሁሉም በየልባቸው የተስማሙ ሰዎች እንደዚያ ሲጨቃጨቁ የተመለከተ አስተርጓሚ ቢኖር ኖሮ ምንኛ በሳቀ! አስተርጓሚ ግን አልነበረም፤ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች አስተርጓሚ ምን ያደርግላቸዋል ተብሎ?

በ1951 በኮርያ የሆነው ግን በሳቅ አላለቀም። በኤፕሪል ወር፤ ከ22 እስከ 25 በነበሩት ቀኖች፤ የእንግሊዝ 29ኛ ብርጌድ በኢምጂን ወንዝ ላይ ብዛቱ እጅግ ከሚበልጥ የቻይና ጦር ጋር ይዋጋ ነበር። የግሎስተርሻየር ሻለቃ ከአንድ ኮረብታ ላይ ተከበበ። ሲነገር የኖረው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ የብርጌዱ አዛዥ ብርጋዴር ቶም ብሮዲ ለበላያቸው ለአሜሪካዊው ጄኔራል ሮበርት ሶል ሁኔታውን ሲያስታውቁ ነገሩ «ትንሽ ስቲኪ ሆኗል» አሉ። «ስቲኪ» እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ማለት ነው። በእንግሊዝ መኰንን አፍ ይህ ጨዋ አነጋገር እንግሊዛዊ ቢሰማው «አልቀናል፤ ድረሱልን» ማለት ነበር። አሜሪካዊው ግን ቃሉን እንደ ቃሉ ወሰዱትና ጦሩ ትንሽ ቢቸገርም ቦታውን ይዞ ቆሟል ብለው ተረዱት። ሻለቃው በጊዜው እንዲያፈገፍግም አልታዘዘም፤ የደረሰለትም ረዳት ከበባውን ሰብሮ ሊገባ አልቻለም። ከሻለቃው ከአምስት መቶ የሚበልጡ ወታደሮች ተማረኩ። ለዚያ ጥፋት ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት፤ ሁሉንም በአንድ ቃል ላይ መጫን አይገባም። ቢሆንም ጭንቀትን አሳንሶ መናገር ጨዋነት የሆነበት አገርና ጭንቀትን በግልጽ መናገር ደንብ የሆነበት አገር በአንድ ሬዲዮ ሲገናኙ የሚሆነውን ያሳያል።

የእኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በእነዚያ ቀኖች ከጅቡቲ ተሳፍረው ወደ ኮርያ በባሕር ላይ ይጓዙ ነበር፤ በሜይ ወር መጀመሪያ ፑሳን ደርሰው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፉ። እንደ እኔ አስተያየት፤ እንግሊዝኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ የተማረው መኰንን በዚህ በኩል ከእንግሊዙ ሳይሻል አልቀረም፤ የባዕድ ቋንቋ የሚናገር ሰው ችግሩን ለማሽሞንሞን ቃል አይበቃውም፤ «ተከበናል» ይላል።

በአፍሪካና በአውስትራልያ

እንግሊዝኛ የለንደንና የዋሽንግተን ብቻ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚነግዱባት በጆሐንስበርግ መንገድ ቢጠይቁ «ሮቦቱ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፉ» ይሉዎታል። የብረት ሰው አይፈልጉ፤ «ሮቦት» የሚሉት የትራፊክ መብራቱን ነው። እዚያው አገር አንድ ሰው «ጀስት ናው እመጣለሁ» ካለዎ ቁጭ ብለው ሻይ ይዘዙ፤ ቃሉ እንግሊዞች እንደሚሉት አሁን በቅርቡ ማለት ሳይሆን፤ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ማለት ነው።

የጋናው ሰው ከአጠገብዎ ተነሥቶ ሲሄድ «አይ አም ከሚንግ» ይላል። ጀርባውን ሰጥቶ እየሄደ «እየመጣሁ ነው» ማለቱ እንግሊዛዊውን ግራ ያጋባዋል፤ እኛን ግን ምንም አያስገርመንም። እኛስ ከወንበራችን ብድግ ብለን ወደ ውጭ ስንወጣ «መጣሁ!» እንል የለምን? በናይጄሪያና በኬንያም ሰው ሲደናቀፍ ያየ ሁሉ «ሶሪ» ይለዋል። እንግሊዛዊው «አንተ ምን አጠፋህና ይቅርታ ትጠይቀኛለህ?» ብሎ ይገረማል፤ ነገሩ ግን ይቅርታ አይደለም፤ የእኛው «እኔን!» ነው። በእነዚህ ቃሎች ላይ ኢትዮጵያዊው ከቋንቋው ባለቤት ይልቅ ቶሎ የሚገባው መሆኑ ትንሽ ደስ ያሰኛል።

በአውስትራልያና በኒው ዚላንድ ደግሞ ለግብዣ ሲጠሩ «ሳሕን ይዘው ይምጡ» የሚል ቃል ከጥሪው ላይ ቢያነቡ፤ ጋባዦቹ ዕቃ ያነሳቸው አይምሰልዎ። ምግብ የሞላበት ሳሕን ይዘው ይምጡ ማለታቸው ነው። ከአውሮፓና ከሌላው አገር አዲስ የገቡ ብዙ ሰዎች ባዶ ሳሕን አጥበውና አንጸባርቀው ይዘው በመሄድ አፍረዋል። እኛ እንኳ ባዶ እጃችንን ስለማንሄድ ምናልባት አንድ ድፎ ዳቦ ያድነን ይሆናል።

በመድኃኒት ቤት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ዛሬ ብዙ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ለማየት ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። በሻንጣቸው ውስጥ በርበሬው፤ ሽሮውና ቆሎው ይገባል፤ ከእነዚህም መካከል የራስ ምታቱ ክኒን አይጠፋም። ያ ክኒን እኛ ዘንድ እንደ እንግሊዞቹ «ፓራሲታሞል» ይባላል። አሜሪካ ሲደርሱ ግን በዚህ ስም የሚያውቀው ተራ ሰው ብዙ የለም፤ እዚያ ስሙ «አሲታሚኖፈን» ነው፤ ከ1955 ጀምሮ በሚሸጥበት የንግድ ስሙም «ታይለኖል» ይባላል። ሁለቱ ስሞች የወጡት ከአንድ ረዥም የኬሚስትሪ ስም ነው፤ እንግሊዞች ከዚያ ስም አንዱን ክፍል፤ አሜሪካኖች ሌላውን ክፍል ቈርጠው ወሰዱ። መድኃኒቱ አንድ ነው።

እንግዲህ አስቡት። እናት ራሳቸውን አሟቸው ከአዲስ አበባ ካመጡት ሁለት ክኒን ዋጡ። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ «እማዬ ይህ ይሻልሻል» ብላ ሁለት ታይለኖል ሰጠቻቸው። ማታ ደግሞ ጉንፋን መሰለና የጉንፋን ሽሮፕ ጠጡ፤ በአሜሪካ ከሚሸጡት የጉንፋን መድኃኒቶች በብዙዎቹ ውስጥ ያው አሲታሚኖፈን አለበት። ሦስት ዓይነት መድኃኒት የወሰዱ መሰላቸው፤ የወሰዱት ግን አንዱን ሦስት ጊዜ ነው። ለጤነኛ ትልቅ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሊያልፍ የማይገባው ልክ 4 ግራም ነው፤ ይህም ባለ 500 ሚሊግራሙ ክኒን ስምንት ፍሬ ማለት ነው። ከልክ ሲያልፍ ጉበትን ይጐዳል፤ የሚያስፈራው ደግሞ ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ላይታወቅ መቻሉ ነው።

የስኳር በሽታ መድኃኒትም እንዲህ ያለ መንትያ ስም አለው። አገራችን «ግሊቤንክላማይድ» የሚባለው ክኒን በአሜሪካ «ግላይቡራይድ» ይባላል። ከዚህ የሄደውን ሳይተው እዚያ የታዘዘውን ቢጨምሩበት በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል፤ ላብ ያጠምቃል፤ ራስን ያስታል፤ ከዚያም የከፋ ይሆናል። ለአስም የሚነፋው «ሳልቡታሞል» በአሜሪካ «አልቡተሮል» ነው፤ የሳንባ ነቀርሳው «ሪፋምፒሲን» ደግሞ «ሪፋምፒን» ነው። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ክፉው ነገር ደግመው መውሰድዎ ብቻ አይደለም፤ በችግር ጊዜ ስሙን ጠርተው ሳያገኙት ሊቀሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ክኒኑን ከነካርቶኑ ይያዝ፤ በፌስታል ቋጥሮ አይሂድ። የሐኪሙን ማዘዣም ከፓስፖርቱ ጋር ያኑር። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝለት የድሮውን አውጥቶ ለሐኪሙ ወይም ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ያሳይና «ይህና ያ አንድ ናቸው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስም ነው፤ የሚያስፈልገው ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው ነው።

ታላቅ እኅቴ ወደ ልጇ ወደ ሜሪላንድ ለመሄድ ስትሰናዳ እነዚህን ስሞች ሁለት ሁለቱን አድርጌ በአንድ ወረቀት ጻፍሁላት፤ በግራ የእኛውን፤ በቀኝ የእነርሱን። አጣጥፋ ከቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ትንሽ አሰብ አድርጋ፤ «ለልጅ ልጄ ደብተር፤ እርሳስና ላጲስ ገዝቼለታለሁ። ላጲስስ እዚያ ምን ይባላል? ስሰጠው ልጥራለት» አለችኝ።

«ኢሬዘር በዪው» አልኋት። «ኢሬዘር ብቻ!»